ከማሲንቆው ኋላ የሚንሿሿው ምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ በፒሲኤም5102 ቦርድ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ ቤቴ ሠርቼ ከራስበሪ ፓይ ከምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ይሠራል፣ ግን ከሙዚቃው ኋላ ይንሿሿል። ምን ይሻለኛል? ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ቺፑ አልተቃጠለም። መጀመሪያ ኤስሲኬ የሚባለውን፣ የሰዓት ምት የሚገባበትን የቦርዱን እግር እይ። ፓዩ በዚያ መስመር ምንም አይልክም፤ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር ካላያያዝከው ባዶውን ይቀርና ከአካባቢው ጫጫታ ይለቅማል፣ ስታያይዘው ግን ቺፑ የሚፈልገውን የሰዓት ምት ከቢት ክሎኩ፣ ማለትም ፓዩ ከድምፁ ጋር ከሚልከው ምት፣ ራሱ ያወጣል። ብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ለዚሁ የተተዉ ሁለት ነጥቦች አሉ፣ ጠብታ የብየዳ ሊድ ይበቃቸዋል። እምምም የሚል ድምፅ አሁንም ካለ ቻርጀሩን ነቅለህ በፓወር ባንክ ሞክረው።

ከዚያ አምባሰል በማሲንቆ ክፈትና ዓይንህን ጨፍን። ጭራው ከጭራ ሲፋተግ ያችን ሻካራ ድምፅ ከሰማሃት በቃ፣ ተሳክቶልሃል። እኔ ለሷ ስል ነው የምበይደው።