የፊተኛው ትራክ ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቴክሳስ ውስጥ ትሬለር እነዳለሁ። ከዳላስ ሂውስተን በሚወስደው አይ-45 አውራ ጎዳና ላይ ሹፌር አልባ ትራኮች ከገቡ ወዲህ እኛ ሹፌሮች ሌላ ወሬ የለንም። ወደፊት ሁለት ሦስት ሆነው በሬዲዮ እየተነጋገሩ ተጠጋግተው ይሄዳሉ ይባላል። ሬዲዮው ቢቋረጥስ? ያን ያህል መጠጋት እንዴት ያዋጣል?
ደ. ከዳላስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ከ2025 ጀምሮ በእርስዎ መንገድ ላይ የሚሠሩት ሹፌር አልባ ትራኮች መንገዱን የሚያዩት በራሳቸው ካሜራ፣ ራዳርና ላይዳር (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ነው። እየተነጋገሩ ተከታትሎ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱም አዲስ አይደለም። በ2016 ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የተነሱ ትራኮች በዚህ ዘዴ እየተከታተሉ ሮተርዳም ገብተዋል። ሹፌሮቹ ግን ውስጥ ነበሩ።

የፊተኛው ትራክ ፍጥነቱን፣ ያለበትን ቦታና ፍሬን መያዝ አለመያዙን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይናገራል። የሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) መጽሐፍዎን ያስታውሱ። በ55 ማይል ፍጥነት አደጋውን አይተው እግርዎ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ መኪናው 200 ጫማ ያህል ይሄዳል። በሁለት መልእክት መካከል ግን የሚሄደው 8 ጫማ ብቻ ነው። መጠጋት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በመካከላቸው 50 ጫማ አለ እንበል። ልክ የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ 6 መልእክት በተከታታይ ቢጠፋ፣ የኋለኛው ምንም ሳያውቅ 48 ጫማ ይሄዳል። ከዚያ እኩል ፍሬን ቢይዝ እንኳ ሁለቱም ሲቆሙ በመካከላቸው የሚቀረው 2 ጫማ ብቻ ነው፤ በቃ፣ ርቀቱ አለቀ። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሥርዓት ስድስተኛውን አይጠብቅም። አንድ ሁለት መልእክት እንደጠፋበት ፍጥነቱን ቀንሶ ርቀቱን ማስፋት ይጀምራል። ራዳሩም አይተኛም። ሬዲዮው ‹‹ሰላም ነው›› እያለ ራዳሩ ርቀቱ እየጠበበ መሆኑን ካየ፣ መታመን ያለበት ራዳሩ ነው። በሬዲዮ የመጣ ወሬ ብቻውን ነፍስ ሊጣልበት አይገባም፤ በዚህ አልደራደርም።

እኔን ከሬዲዮው ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር በቱቦው ተጉዞ ጎማው ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በ55 ማይል 40 ጫማ ያህል ማለት ነው። ሁለቱም ትራኮች እኩል ከዘገዩ ችግር የለም። የኋለኛው ስላክ አጀስተሩ (የፍሬኑን ክፍተት የሚያስተካክለው ክፍል) ከልክ ያለፈ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዶ ፍሬኑ የጋለ ከሆነስ? መልእክቱ በሰዓቱ ደርሶለትም የፊተኛውን ይገጨዋል። ሬዲዮ የላላ ፍሬን አያጠብቅም።

ለዚህ ነው ፍሬኑ ደካማ የሆነው ትራክ ከፊት መሆን ያለበት። ብዙ ሰው ጠንካራው ይምራ ይላል፤ ተሳስቷል። ደካማው ከፊት ከሆነ የኋለኛው ሁልጊዜ ከእሱ ቀድሞ መቆም ይችላል። ጭነት ሲራገፍ ወይም ሌላ ሲጫን ደግሞ የማቆም አቅሙ ስለሚለወጥ ተራው እንደገና መታየት አለበት።

ኩባንያዎ አንድ ቀን ይህን ሥራ ካመጣ፣ ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ይጠይቁ። የሁለቱን ትራኮች ፍሬን ዛሬ ያየው ማነው? ማን ከፊት እንደሚሆን የወሰነውስ? ዝናብ ሲጥል ርቀቱ በስንት ጫማ ይሰፋል? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡዎት በተለመደው ርቀትዎ ይንዱ።