መልስ፦ የልብ ጓደኛዬ ፓርኪንሰን ተገኘበት፤ ምን ላድርግለት?

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ፓርኪንሰን የተባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ እንዳለበት ከነገረህ ወዲህ የምትለው ጠፍቶህ መደወል እንዳቆምክ ጽፈሃል። ዛሬውኑ ደውልለት። "ይሻልሃል" ማለት አይጠበቅብህም። በሽታው ቀስ እያለ እንደሚገፋ እሱም ያውቃል። "ምን አስቸገረህ?" በለውና ስማው።

ፊቱ ፈገግ ባይል አትቀየመው። ፓርኪንሰን የፊትን እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ድምፅንም ያሳንሳል። የተኮሳተረ ሲመስልህ በውስጡ ከአንተ ጋር እየሳቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጓደኝነት የሚቀዘቅዘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰውየው የተሰላቸ ይመስልና ጠያቂው ይቀራል።

ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ እርዳው። ሥጋና ሌላ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ለአንዳንዶች የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። ስለዚህ ክትፎ ልትጋብዘው ካሰብክ ሰዓቱን እሱ ይምረጥ። ሲራመድ እግሩ ድንገት አልነሳ ካለው ደግሞ አትጎትተው። አብረኸው ቁም። "አንድ፣ ሁለት" እያልክ ቁጠርለት፣ ወይም ወለሉ ላይ መስመር አሳየውና እሱን ይሻገር። ይገርማል፣ ግን ብዙዎችን ይረዳል። ሲናገርም ቃሉን አትቀማው፤ ጊዜ ስጠው።

ባለቤቱ ብቻዋን እያስታመመችው እንደሆነም ጠቅሰሃል። "የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ" ብትላት ምንም አትጠይቅህም። ይልቅ "ቅዳሜ ከሰዓት እኔ አብሬው እሆናለሁ፣ አንቺ ውጪ" በላት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የፓርኪንሰን ታማሚዎችን የሚደግፍ ድርጅት አለ። አፈላልገው፣ ፈቃደኛ ከሆነም አብረኸው ሂድ።