ስለ ፎርት ቫንኩቨር የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ፎርት ቫንኩቨር በኮሎምቢያ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ የነበረ የንግድ ጣቢያ ነው። የእንግሊዙ ሃድሰን ቤይ ኩባንያ ከ1825 እስከ 1860 የእንስሳት ፀጉራም ቆዳ ነግዶበታል፤ ለብዙ ዓመታትም የአካባቢው ዋና ማዕከሉ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ቢቨር የሚባለው፣ ወንዝ የሚገድብ አውሬ ቆዳ ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቫንኩቨር ካናዳ አይደለም እንዴ?

የካናዳውም አለ። ይኼኛው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። ፖርትላንድ ያላችሁ ድልድዩን ብቻ ተሻገሩ። ሁለቱም ከተሞች የተሰየሙት በአንድ ሰው፣ በእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን በጆርጅ ቫንኩቨር ነው።

ጥያቄ፦ ከአውሬው ሁሉ ለምን ቢቨር?

ለባርኔጣ ነው። ቢቨር ከላይ ሻካራ፣ ከሥሩ ደግሞ በጣም ለስላሳ ፀጉር አለው። የውስጠኛው ፀጉር ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሉት ሲጨመቅ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ዝናብ የማያበላሸው ጠንካራ ፌልት፣ ማለትም ከተጨመቀ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ጨርቅ ይወጣዋል። ብዙ ሰው ቆዳው እንደ ካፖርት የሚለበስ ይመስለዋል። ባርኔጣ ሠሪዎቹ ግን የሚፈልጉት ፀጉሩን ብቻ ነበር። የአውሮፓ ቢቨር ታድኖ ሲመናመን ፊታቸውን ወደ ሰሜን አሜሪካ አዞሩ።

ጥያቄ፦ ነባሮቹ ሕዝቦች ቆዳውን በገንዘብ ነበር የሚሸጡት?

አይ፣ በዓይነት ነበር። ብርድ ልብስ፣ ጠመንጃ፣ ድስት፣ ጨሌ፣ መጥረቢያ ይወስዳሉ። የኩባንያው የዋጋ መለኪያ አንድ ጥሩ የቢቨር ቆዳ ነበር። የሌላ አውሬ ቆዳም፣ ዕቃውም በዚያው ይሰላል። ዕቃው ከለንደን በመርከብ ደቡብ አሜሪካን ዞሮ ነበር የሚመጣው።

ጥያቄ፦ «ፎርት» ምሽግ ማለት ነው። ማን ወጋው?

ማንም አልወጋውም። የግንድ አጥሩ ጠንካራ ነበር፣ በ1845 የመድፍ ማማም ተሠርቶለታል። ግቢው ውስጥ የነበሩት ግን መጋዘን፣ አንጥረኛ ቤት፣ ዳቦ ቤት ናቸው። ውጭ ደግሞ ስንዴ፣ ከብት፣ የፍራፍሬ ዛፍና እንጨት መሰንጠቂያ ነበሩ። በ1839 አላስካ ለነበሩት ሩሲያውያን እህል ለማቅረብ እስከ መዋዋል ደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያን ሁሉ ሥራ ማን ይሠራው ነበር?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው። አለቆቹ አብዛኞቹ ስኮትላንዳውያን ነበሩ፤ የሚኖሩትም አጥሩ ውስጥ ነው። ጉልበቱ ግን ከአጥሩ በስተምዕራብ ካለው መንደር ይመጣ ነበር። እዚያ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ካናዳውያን፣ ኢሮኮና ክሪ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች፣ ከሃዋይ በኮንትራት የመጡ ሠራተኞች፣ ከአካባቢው ሕዝቦች የተወለዱ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው አብረው ይኖሩ ነበር። መግባቢያቸው ቺኑክ ዋዋ የሚባል የንግድ ቋንቋ ነበር። ሚስቶቹ ቆዳ ያዘጋጃሉ፣ ያስተረጉማሉ፣ ባሎቻቸውን ከዘመዶቻቸው ጋር ያገናኛሉ። ያለ እነሱ ንግዱ አንድ ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም።

ከሃዋይ የመጣ ዊልያም ካውሌሄሌሄ የሚባል ሰባኪም ነበር። በ1845 ደረሰ፤ ለአገሩ ልጆች በቋንቋቸው ይሰብክላቸው ነበር። በ1860 የአሜሪካ ጦር ቦታውን ሲጠቀልል ቤቱን አቃጠሉበት። ስለ ፎርት ቫንኩቨር ሲወራ የእሱም ስም ከአለቆቹ እኩል ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ዋናው ሹም ዶክተር ማክላክሊን ደግ ሰው ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ጆን ማክላክሊን ተርበው ለደረሱ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች እህልና ዘር በዱቤ ሰጥቷል፤ አለቆቹ በዚህ አልተደሰቱም። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ያገዛቸው ሰፋሪዎች የያዙት መሬት የሌሎች ሕዝቦች መሬት ነበር። ሁለቱም አብረው መነገር አለባቸው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የመሬቱ ባለቤቶችስ ምን ሆኑ?

ከ1830 ጀምሮ ንዳድ ገባ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ወባ ነው ይላሉ። ቆላ ያደገ ሰው ወባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በሽታውን ጭራሽ አይተውት አያውቁም። በየዓመቱ ተመለሰባቸው። በታችኛው ኮሎምቢያ የቺኑክ፣ በዊላሜት ሸለቆ የካላፑያ መንደሮች ባዶ ቀሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ገደማ እንዳለቀ ይገመታል። በ1840ዎቹ የመጡ ሰፋሪዎች መሬቱ ክፍት የመሰላቸው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ዘሮቻቸው ግን ዛሬም አሉ፤ ቺኑክ ዋዋም ኦሪገን ግዛት በሚገኘው የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ፣ በግራንድ ሮንድ፣ ለልጆች ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ቢቨሮቹ አላለቁም?

በስኔክ ወንዝ አካባቢ ሆነ ተብሎ እንዲያልቁ ተደርጓል። የኩባንያው ገዥ ጆርጅ ሲምፕሰን አሜሪካውያን አዳኞች የሚመጡበት ምክንያት እንዲያጡ ወንዞቹ ከቢቨር ባዶ እንዲሆኑ አዘዘ። ፒተር ስኪን ኦግደን ከ1824 እስከ 1830 ዘመቻዎቹን መራ። ቢቨር ሲጠፋ ግድቡ ይፈርሳል፣ ረግረጉም ይደርቃል። በእኔ እይታ ኩባንያው ከፈጸማቸው ጥፋቶች አስቀያሚው ይኼ ነው። ሰፋሪውን ደግሞ አላስቀረውም።

ጥያቄ፦ ንግዱ እንዴት ቆመ?

የሐር ባርኔጣ ፋሽን ሆነና የቢቨር ዋጋ ወደቀ። በ1846 የእንግሊዝና የአሜሪካ ድንበር በ49ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ሲሰመር ጣቢያው አሜሪካ ውስጥ ቀረ። በ1849 የአሜሪካ ጦር አጠገቡ ሰፈረ፤ በ1860 ኩባንያው ለቆ ወጣ። በ1866 እሳት የቀረውን በላው።

ጥያቄ፦ ዛሬ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ነው። አጥሩና በርካታ ቤቶች በቁፋሮ በተገኘው መሠረት ላይ እንደገና ተሠርተዋል። በ1826 የተተከለችው የፖም ዛፍ በ2020 ሞታለች፤ ከሥሯ የበቀሉ ግን አሉ። አጥሩን አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ ወደ መንደሩም እለፉ።