ከሽቦው ስንት ሜትር ልራቅ ላልከው ወንድሜ

«ባለ ሁለት ፎቅ ልሠራ ነው፤ በቦታዬ ጠርዝ የመብራት መስመር ያልፋል፤ 2 ሜትር ከራቅኩ ይበቃል?» ነው ያልከው። በዚህ ጉዳይ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ። በሽቦ ሳይሆን በቢሮ።

1. ቮልቱን ሳታውቅ ሜትር አትቁጠር። ለምሳሌ የህንድ ደንብ ከቤቱ ጎን ለሚያልፍ እስከ 11 ሺህ ቮልት 1.2 ሜትር ይላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 33 ሺህ 2 ሜትር። በጣሪያ ላይ የሚያልፍ ከ650 ቮልት በላይ እስከ 33 ሺህ ከሆነ 3.7 ሜትር። ያንተን ቁጥር ከመስመሩ ባለቤት በጽሑፍ ተቀበል።

2. ከየት እስከ የት እንደሚለካ ጠይቅ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ፕላኑ ላይ 2.5 ሜትር ተጽፏል። ለካ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ነው! በረንዳው 1.2 ሜትር ይወጣል። ምሰሶው አናት ላይ ያለው አግዳሚ ደግሞ ሽቦውን ወደ እኔ 80 ሴንቲ ያመጣዋል። የቀረው ግማሽ ሜትር። ሽቦ ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ሙቀት ሲበረታና ጭነት ሲበዛ ይረግባል፣ ነፋስ ሲነፍስ ወደ ጎን ይወዛወዛል። የሚለካው እሱ የመጨረሻ ከሚደርስበት እስከ በረንዳህ ጫፍ ነው።

ይህንን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ መሐንዲሱ አይደለም። በመስመሩ አቅጣጫ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ የቱንቢውን ክር በዓይኔ ከዳር ሽቦው ጋር አሰለፍኩና መሬት ላይ ችካል አስመታሁ። (ሜትር ወደ ላይ እንዳትዘረጋ፣ አደራ።) ችካሉ በረንዳው ሥር ገባ ማለት ይቻላል። ፎርማኑ ሳቀብኝ። ፕላኑን ያጸደቀው ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ፕላንህ ጸድቋል አይደል? ሥራ!» አለኝ። የፕላን ማሻሻያ ስል «እንደገና ከሀ ትጀምራለህ፣ ክፍያውንም» አለ። እነሱ ያጸደቁትን ስህተት እኔ ልከፍል! ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት የእንጨት ቅርጽ) ተመቶ፣ ፌሮው ታስሮ ነበር፤ ግን አርማታ አላስሞላሁም። በረንዳውን በራሴ ኪሳራ አስፈታሁት። አሁን የሚስቅ የለም።

3. ለቤቱ የበቃ ርቀት ለግንባታው አይበቃም። የ12 ሜትር ፌሮ ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ላይ ሲዞር አስበው። አሜሪካኖች እስከ 50 ሺህ ቮልት ባለው መስመር አጠገብ ክሬን ከ3 ሜትር በታች እንዲጠጋ አይፈቅዱም። ከፍተኛ ቮልት ሳይነካም ይዘላል። «ሽቦው ሽፋን አለው» የሚልህን ባለሙያ ነኝ ባይም አትስማ። መስመሩ እንዲነሳ ወይም በሥራው ቀን እንዲቋረጥልህ ቁፋሮ ሳትጀምር አመልክት፣ ይዘገያል።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። ያንተኛው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማህተም አስመታ፤ «አልደረሰንም» ማለት ለእነሱ ቀላል ነው።