አንድ ካሴት ነበረኝ

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከኳየሩ አንዷ ልጅ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። "መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አለች። "የተማሩት፣ የቤተ ክርስቲያን እረኞቹና እኛ ዘማሪዎቹ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ስለ አምልኳችን ለምን አንመካከርም? እስከ ዛሬ ማንም አልሞከረውም?"

"ተሞክሯል" አልኳት። ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። ሰው ይጠብቀኛል ብዬ ተለየኋት። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። በእግሬ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩና እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለጓደኞቿ ነው።

የሞከርኩት እኔ ነኝ። 1991 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ሀዋሳ። ያኔ 34 ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ የአምልኮ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ናይሮቢ ላይ ያወጣው መግለጫ እጄ ገብቶ ነበር። አምልኮ ከባህል ጋር በአራት መንገድ ይገናኛል ይላል። ከባህል ሁሉ በላይ የሆነ ነገር አለው። በየአገሩ ባህል ሥጋ ይለብሳል። በባህሉ ውስጥ ያለውን ክፉ ይቃወማል። ከሌላው ሕዝብ ጋርም ይቀባበላል። ያን ወረቀት እጥፋቱ እስኪቀደድ ድረስ በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

ከዚያ ተነስቼ የሦስት ቀን ጉባኤ ጠራሁ። ምሁራን፣ እረኞችና ዘማሪዎች በአንድ አዳራሽ። ገንዘብ ለመንኩ፣ አዳራሽ ለመንኩ። ስም ዝርዝሩን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። "ጥናት አቅራቢ" በሚለው ሥር የምሁራኑን ስም ደረደርኩ። እነሱ የቀን አበል አላቸው። ዘማሪዎቹን "የመክፈቻና የመዝጊያ ዝማሬ" በሚለው ሥር አስገባኋቸው። ለእነሱ የትራንስፖርት ብቻ ነው። ፊርማው የኔ ነው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም።

ከዘማሪዎቹ አንዱ ከይርጋለም ወደ ውስጥ ከሚገባ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በሲዳምኛ ዝማሬ ያወጣሉ። ማንበብ አይችሉም። የሚያነብ ሰው አንድ ምዕራፍ ያነብላቸዋል፣ ይዘውት ወደ እንሰታቸው ይገባሉ፣ ማታ ሲመለሱ ዝማሬ ሆኗል። እሳቸው አንድ መስመር ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እሳቸው ይጨምራሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በአንድ ማታ መዝሙረ ዳዊትን የማያውቅ መንደር አንድ መዝሙር በቃሉ ይዞ ያድራል። ይህን ያወራኝ ተማሪዬ ነው። በጆሮዬ ለመስማት ነበር የጠራኋቸው።

ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ፣ ጥግ ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይናገሩ አዳመጡ። የሚወራው በአማርኛ ነው፣ ያውም የወረቀት አማርኛ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት የመጨረሻው ጥናት የኔ ነበር። ርዕሱ በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው የአውጪና የተቀባይ ዝማሬ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪውን የማርቲን ሉተርንም ታሪክ አንስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1525 ሉተር የጀርመንኛውን ሥርዓተ ቅዳሴ ሲያዘጋጅ ብቻውን አልሠራውም። ኮንራድ ሩፕሽና ዮሐን ዋልተር የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞችን ዊተንበርግ ድረስ አስጠርቶ ሦስት ሳምንት ያህል አብሯቸው ሠራ። ያ ሁሉ ሊቅነት እያለው ዜማውን ከዜመኞቹ ጋር ነው የመከረበት። ይህን ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር።

በመሃል "ጠክ፣ ጠክ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። ዱላቸውን በሲሚንቶው ወለል ላይ ቀስ ብለው ይመታሉ። ዓይናቸው ተከድኗል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ንባቤን አቁሜ አየኋቸው። ከጎናቸው ያለው ሰው በክርኑ ነካቸው። ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙትና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ፕሮግራሙ ላይ ከ5፡30 እስከ 6፡00 "የሀገረሰብ ዝማሬ" ይላል። የእሳቸው ሰዓት ነው። እኔ 6፡05 ላይ ገና ማጠቃለያዬን እያነበብኩ ነበር። ስጨርስ ለመድረክ መሪው ብጣሽ ወረቀት ላይ "ዝማሬው ይቅር፣ ወደ ምሳ" ብዬ ጻፍኩለት። ቀና ስል ሽማግሌው ቆመዋል። ኮታቸውን ቆልፈው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። መሪው ምሳ መድረሱን ሲናገር ዙሪያቸውን አዩና መልሰው ተቀመጡ።

ምሳ ላይ እጃችንን ስንታጠብ አገኘኋቸው። "ስለ እኛ ዝማሬ ነው አሉ የተናገርከው" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ጥሩ ነው። ግን አልሰማኸንም እኮ፣ ልጄ።"

በቁጣ አልተናገሩትም። ፎጣውን አቀበሉኝ።

ያን ጊዜ አንድ ፓናሶኒክ ቴፕ ነበረኝ። ካሴቱም አንድ ነው፣ ባለ 90 ደቂቃ። ሽማግሌውን እቀርጽበታለሁ ብዬ ነበር የገዛሁት። በሁለቱም ጎን የተቀረጸው የኔ ጥናት ነው። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የዱላቸው ድምፅ እንኳን አልገባበትም፣ ማይኩ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ገዝታ ነበር። ወጣቶቹ ከተማ የሚዘመረውን ይዘምራሉ። የእሳቸውን ዝማሬ የሚያወጣ ሰው ጠየቅሁ። እርስ በርስ ተያዩ።

የዝማሬ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ የወላይታ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን ወንጌል ያስተማሯቸውን የውጭ ሚሲዮናውያን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። መጽሐፉ በእጃቸው የነበረው በቁርጥራጭ ነው፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው። ዝማሬው ነበር መጽሐፋቸው። እንግዲህ አንድ ዜመኛ ሳይሰማ ሲሞት ምን እንደሚቀበር አስቡት።

እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። በልጅነቴ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ትወስደኝ ነበር። ከነጠላዋ ሥር ሆኜ የካህናቱን እግር አያለሁ። ከበሮው ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ሲወዛወዝ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ወንጌላዊ ከሆንኩ በኋላ ያን ትዝታ ለብዙ ዓመት አፍሬበት ኖርኩ። አሁን አላፍርበትም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ሲሠራ ሊቅ ነበር ወይስ ካህን ወይስ ዜመኛ? ሦስቱንም ነበር። ዛሬም አንድ መሪጌታ ያስተምራል፣ ያገለግላል፣ ያዜማል። እኛ ነን ሦስቱን ለያይተን ለየብቻ ያስቀመጥናቸው። ሊቁን ኮሌጅ፣ እረኛውን ቢሮ፣ ዘማሪውን መድረክ ላይ።

ሥዕልማ ጭራሽ ተረስቷል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። የኛ አዳራሾች ግድግዳ ነጭ ቀለምና የዓመቱ መሪ ቃል ባነር ነው። ሀዋሳ ውስጥ የሱቅ ታፔላ እየሣሉ የሚኖሩ፣ እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሠዓሊዎች አውቃለሁ። ስትሰበሰቡ እነሱን ጥሩ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ጸልዩ አልልሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

ፈቃድ አትጠብቁ። እኛ ትልልቆቹ ፈቃድ ስንጠባበቅ ነው ያረጀነው። ሃያ ሰው ይበቃችኋል። ባነር አያስፈልግም። መጀመሪያ ይዘመር። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዝማሬና ማድመጥ ይሁን። ምሁሩ ደብተሩን ይዞ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ በሁለተኛው ቀን ስለሰማው ይናገር። ያኔ ዕውቀቱ ያስፈልጋችኋል፣ በጣም። ይህ ቃል በመጽሐፍ እንዲህ አይልም የሚላችሁ፣ ይህ ዜማ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አበል ካለ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለዘማሪው "ለጌታ ነው የምትዘምረው" ብላችሁ ለምሁሩ ፖስታ አትስጡ። እረኛው ደግሞ በጸሎት ከፍቶ የሚሄድ ከሆነ ይቅርባችሁ። ሦስቱንም ቀን ይቀመጥ። እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ምን እንደሚያስለቅሰው የሚያውቀው እሱ ነው፣ ለቅሶ ቤት የሚያድረው እሱ ነዋ።

የአጥቢያችሁን እረኛ ሳታማክሩ ግን አትጀምሩ። ቅድም ፈቃድ አትጠብቁ ብያለሁ፣ ይጋጫል። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። እረኛው ያልተቀበለው ዝማሬ ከልምምድ ክፍል አይወጣም። አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልናገር፣ ቅር አይበላችሁ። የዘንድሮ ዝማሬዎቻችሁ "እኔ" በዝቶባቸዋል። ከፍታዬ፣ ድሌ፣ ጠላቴ። አዳራሹ ውስጥ ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት አለች። ለእሷ የሚሆን አንድ መስመር የለም። ዳዊት ግን "እስከ መቼ" እያለ አልቅሷል። ስፒከሩም ከመጮኹ የተነሳ ሕዝቡ የራሱን ድምፅ አይሰማም። የማይሰማውን ድምፅ ደግሞ ሰው ይተወዋል። ቆሞ ያያችኋል።

ሌላም አለ። ትዕግሥት የላችሁም። አንድ ጉባኤ አድርጋችሁ በሦስት ወር ለውጥ ትፈልጋላችሁ። አሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ግራንድ ራፒድስ ውስጥ ያለው የካልቪን የክርስቲያን አምልኮ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተመሠረተው። እኔ ጉባኤዬን ከመጥራቴ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። እስከ ዛሬ ምሁራንን፣ እረኞችንና የኪነ ጥበብ ሰዎችን በየዓመቱ ይሰበስባል። እኔ አንድ ጊዜ ጠርቼ፣ አፍሬ ተውኩት። ከጥፋቴ ሁሉ የሚከፋኝ እሱ ነው። ሽማግሌውን በሚቀጥለው ዓመት ብጠራቸው ኖሮ በሕይወት ነበሩ።

ደግሞ ስልክ ስልክ እያልኩ እቆጣችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ያለው ነገር ያኔ በእጄ ቢኖር ምን ባልሰጠሁ!

ባለፈው ሳምንት ያ ተማሪዬ ከይርጋለም ደወለልኝ። አሁን እሱም ሽበት አውጥቷል። ሽማግሌው ሲያወጡ ትቀበል የነበረች አንዲት እናት በሕይወት አለች አለኝ። ዓይኗ ደክሟል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። ብዙዎቹን ታስታውሳለች።

እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ ነኝ። ከእናንተ ሁለት ሦስት ሰው፣ ሲዳምኛ የሚችል አንድ፣ ቻርጅ የሞላ ስልክ ይዛችሁ ኑ። ከዋናው መንገድ በኋላ በእግር ነው፣ ዝናብ ከጀመረ አይወጣም።