ወፍ ለምትወዱ ወጣቶች

ይድረስ ተፈጥሮን መውደድ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱልኛላችሁ። «ጋሼ፣ ወፍ እወዳለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?» ወላጆቻችሁ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። «ለመሆኑ ወፍ እያዩ እንጀራ ይበላል?» ይሉኛል። ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ኋላም በተፈጥሮ ትምህርት ሥራ ላይ ስቆይ ሁለቱንም ስሰማ ኖሬያለሁ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ናቸው። ረጋ ብዬ ልመልስላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ቦታ ያዙ። ሩቅ መሆን የለበትም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤታችሁ ጓሮ ይበቃል። ባሌ ተራሮችን ወይም ያቤሎን ለማየት መጓጓት ደግ ነው፤ እድሉ ሲገኝ ሂዱ። ግን አንድን ቦታ በክረምትም በበጋም ያላየ ሰው ስለ ወፍ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የመስቀል ወፍን ተመልከቱ። ከአደይ አበባ ጋር ብቅ ብላ የምትጠፋ እንግዳ ናት እየተባልን አድገናል። በዓመት አንዴ የሚመጣን ዘመድም በእሷ ስም እንጠራዋለን። እንዲህ ከምንላቸው ወፎች አንዳንዶቹ ግን የትም አይሄዱም። ወንዱ ክረምት ሲገባ ላባውን ይቀይራል። እንደ ዝርያው ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ይለብሳል። አንዳንዱ ጭራውም ይረዝማል። ሴቷ እንድትመርጠው ነው ይህ ሁሉ። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያንን ጥሎ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል። ጥርና የካቲት ላይ ማሳ ውስጥ እህል ሲለቅም ታዩታላችሁ፤ ግን አትለዩትም። በሌላ በኩል በበጋው ሣር ሜዳ ላይ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች የምትሮጥ ቢጫ ሆድ ያላት ትንሽ ወፍ አለች። የዚህ አገር ናት ብላችሁ ታልፏታላችሁ። እሷ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ናት። ሚያዝያ አካባቢ ተመልሳ ትሄዳለች። ይህን ለመለየት አንድ ቦታ ላይ ዓመቱን ሙሉ መመላለስ ያስፈልጋል።

ደብተር ይኑራችሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን ወፍና ቁጥሩን ጻፉ። ምን እያደረገ እንደነበረም ጨምሩ። ስሙን ካላወቃችሁ ቅርጹን ሣሉ። ስልክ ያላችሁ ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ መዝግቡ፤ በነጻ ነው፣ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ባይኖኩላር ለሌላችሁ ደግሞ ማለዳ መነሳትና ዝም ብሎ መቀመጥ ብዙ ያሳያል።

ከዚያ ብቻችሁን አትቅሩ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን የማታውቁ ካላችሁ እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ አገር በቀል ድርጅት ነው። ለወፎች ጥበቃ የሚሠሩ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ኅብረት የሆነው የበርድላይፍ ኢንተርናሽናል የኢትዮጵያ አጋርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አሳትሟል። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ብዙ ሥራ የሚጀመርበት ነው። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወድለት ልጆችን ይዞ መሥራቱን ነው። በየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ እንዲቋቋም ደክሟል። ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚያሳድድን ልጅ ቁጣ አይመልሰውም። የወፏን ስም የሚነግረው፣ ጎጆዋን ከሩቅ የሚያሳየው ሰው ይመልሰዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ትምህርት ቤታችሁ ክበብ ከሌለው እናንተ ጀምሩት።

አሁን ስለ በርጋ ልንገራችሁ። ልነግራችሁ ከምፈልገው ሁሉ ትልቁ ነገር እዚያ ስላለ ጊዜ ወስጄ እናገራለሁ።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሆለታ ወዲያ ያለ ረግረጋማ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፣ ሣሩና ቄጠማው ይነሳል። እዚያ ሣር ውስጥ ፈረንጆቹ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የሚሏት ወፍ ትራባለች። ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ተደብቃ የምትኖር ወፍ ናት። እግር ሥር ካልደረሱባት አትነሳም። ብትነሳም ጥቂት በርራ ትወድቃለች፣ ከዚያ የለችም። በርጋ ላይ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መራባቷ እስኪረጋገጥ ድረስ በዓለም ላይ የምትራባበት የታወቀ አገር ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እሷ የምትፈልገውን ሣር ሰውም ይፈልገዋል። የምትራባው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አርሶ አደሩ ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ያጥረዋል፤ ሌላው መሬት ታርሶ ተዘርቷልና። ዘመን መለወጫም ይደርሳል። ቄጠማ ይታጨዳል፣ ወደ ከተማ ይወጣል፣ ሳሎናችን ውስጥ ይጎዘጎዛል። ቄጠማ አትጎዝጉዙ አልላችሁም። የእኛ በዓልና የእሷ ጫጩቶች በአንድ ወቅትና በአንድ ሣር ላይ እንደሚገናኙ ግን እወቁ። የአንዲት ላም እግር መሰበር ኑሮን ሊያናጋ በሚችልበት ቤት ሄዶ «ለወፍ ስትሉ ከብታችሁን አታሰማሩ» ማለት ይከብዳል። የሚባለውም እንደዚያ መሆን የለበትም።

ማኅበሩ እዚያ የመረጠው መንገድ የአካባቢውን ሰው ማደራጀት ነበር። የበርጋ አርሶ አደሮች ረግረጉን የሚጠብቅ ቡድን መሠረቱ። ግጦሹ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ እንዲዘገይ ተመከረበት። ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ገንዘቡ የወፏን ሌላ መኖሪያ ከሚጠብቁት ደቡብ አፍሪካውያን ጭምር የመጣ ነው። ስለ ወፏ የሚማሩት እንግዲህ ጎረቤቶቿ ናቸው። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልላችሁም፤ ረግረጉ ላይ ያለው ጫና ዛሬም ከባድ ነው። ነገር ግን እረኛው ወፏን ያውቃታል፣ ጎጆዋን አይቶ ያልፋል። በአገራችን ወፍ ተጠብቆ ያየሁት እንዲህ ባለ ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ገጠር ስትወጡ አስተማሪ ሆናችሁ አትሂዱ። ጠይቁ። የወፉን ስም በአካባቢው ቋንቋ ጻፉ፤ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ አፋርኛ፣ የትም ብትሆኑ። ሽማግሌዎቹ ውሃው ድሮ የት ድረስ ይመጣ እንደነበር ያውቃሉ። የትኛው ወፍ እንደጠፋም ያውቃሉ። በነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ሌላ ለመጥፋት የተቃረበች ወፍ አለች፣ የሊበን ላርክ የምትባል። ለእሷ የተገኘው መፍትሔ ከቦረናዎች የቆየ ልማድ የተወሰደ ነው። ከሎ ይሉታል፤ ሣሩ እንዲያገግም መሬት አጥሮ ማቆየት ነው። ሣሩ ሲመለስ ወፏ መኖሪያ ታገኛለች፣ ጥጃውም በድርቅ ጊዜ የሚበላው ያገኛል።

ታፔላ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ፕሮጀክት ታያላችሁ። ያናድዳችኋል፣ ይገባኛል። እናንተ ግን ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላም ለሰዎቹ ስልክ የምትደውሉ ሁኑ።

ወደ እንጀራው ልምጣ። አዎ፣ ይበላል። ወፍ አስጎብኚዎች አሉ፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ወፎቻችንን ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። ተመራማሪዎች፣ የፓርክ ሠራተኞች፣ የተፈጥሮ አስተማሪዎችም አሉ። ነገር ግን ብዙው ሥራ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሄድ ነው፣ ይቋረጣል። ስለዚህ ሌላ ሙያም ይኑራችሁ። እሱ ራሱ ለወፍ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ጥንብ አንሳን እንውሰድ። በህንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለከብት ሕክምና የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነበር። የታከመው ከብት ሲሞት ጥንቡን የበሉት ወፎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ የባዘነ ውሻ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስቱ አገሮች መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ስለዚህ የእንስሳት ሕክምና የምታጠኑ፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለጅብና ለውሻ የሚጣል መርዝ ጥንብ አንሳን አብሮ ይገድላል። ኤሌክትሪክ የምታጠኑም አላችሁ። ከባልካን አገሮች ተነሥቶ አፋር ላይ የሚከርመው የግብፅ ጥንብ አንሳ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ በኤሌክትሪክ ይሞታል። ምሰሶውን በሚገባ መንደፍና ሽቦውን መሸፈን ያድነዋል። ያንን የሚሠራው ኢንጂነር ነው፣ ባዮሎጂስት አይደለም። ሒሳብ የሚይዝ ሰው፣ ሬድዮ ላይ የሚናገር ሰው፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማኅበር ውስጥ ይፈለጋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በብዙ አገሮች የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፣ በእኛም ሐይቆችና ረግረጎች። እስከዚያ ማኅበሩን ጠይቁና በፈቃደኝነት ተመዝገቡ። መጀመሪያ ላይ ባለሙያው የሚጠራውን ቁጥር እየጻፋችሁ ትውላላችሁ፤ አትናቁት። መንጋ ስትቆጥሩ አስሩን ለይታችሁ ቁጠሩ። አስር ወፍ የሚይዘውን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ በዚያ ልክ ቀሪውን ለኩ። ቦት ጫማና ኮፍያ ያዙ፣ ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ወፍ ያላገኛችሁበትንም ሐይቅ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ገጽ ባዶ እንዳይቀር።

ሰላም ሁኑልኝ።

የቀድሞ የባዮሎጂ መምህራችሁ