ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በስልክ ማከም እችላለሁን?

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተመርቄ በአንድ የዞን ሆስፒታል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥቼ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ የምተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች በታመሙ ቁጥር ይደውሉልኛል፤ አንዳንዶቹ የሚኖሩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ጎንደር ያሉ የቀድሞ ታካሚዎቼም በቴሌግራም ይጽፉልኛል። የአገሬ የሙያ ፈቃድ በእጄ አለ፣ ገንዘብም አልቀበልም። ጥፋት አለብኝን? እዚህ አገር ሐኪም ሆኜ ለመሥራትስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ረጅም ቢሆንም መንገዱ የታወቀ ነው። አደጋው ያለው ስልኩ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

የሕክምና ፈቃድ የሚሠራው የሰጠው አካል ሥልጣን እስከሚደርስበት ድረስ ነው። በአሜሪካ ይህን ሥልጣን የያዘው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። እርስዎ ካሉበት ጆርጂያ አቬኑን ይዘው ወደ ደቡብ ቢነዱ ዋሽንግተን ዲሲ ይገባሉ፤ ፖቶማክን ሲሻገሩ ደግሞ ቨርጂኒያ። ቅዳሴ ለመድረስ በሚነዱት መንገድ ላይ ሦስት ሕግና የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጥ ሦስት ቦርድ አለ ማለት ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የተማረው ሐኪም እንኳ የሜሪላንድ ፈቃዱን ብቻ ይዞ አሌክሳንድሪያ ቤቱ የተቀመጠን በሽተኛ በቪዲዮ ላክም ቢል በመርሕ ደረጃ የቨርጂኒያን ፈቃድ ይጠየቃል። ሕጉ መጀመሪያ የሚያየው በሽተኛው የት እንዳለ ነው።

ሜሪላንድ ከዚህም ጠበቅ ታደርጋለች። በርቀት ሕክምና ደንቧ መሠረት ከሁለቱ አንዱ፣ ሐኪሙ ወይም በሽተኛው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከሆነ የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ «የጎንደሮቹ የራሴ ታካሚዎች ናቸው፤ ፈቃዴም የኢትዮጵያ ነው» የሚለው መከራከሪያ አያድንዎትም፤ እርስዎ የተቀመጡት ሲልቨር ስፕሪንግ ነውና። በኢትዮጵያ በኩልም ቢሆን ፈቃዱ በመሳቢያ ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ የታደሰ መሆን አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 535 ያለ ፈቃድ ማከምን በወንጀልነት ይዞታል።

ገንዘብ አለመቀበልዎ የልብዎን ቅንነት ያሳያል እንጂ ሕጉን አያልፍም። የሜሪላንድ ሕግ የሕክምና ሥራን ሲተረጉም «በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ» ይላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በነጻ የተደረገ ነገር ሁሉ ጽድቅ ይመስለናል።

ታዲያ ሰው «ዶክተር፣ ራሴን አመመኝ» ሲልዎት ስልኩን ይዝጉ ማለቴ አይደለም። «ይህ ምልክት አያዘናጋም፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» ማለት ማንም አስተዋይ ጎረቤት የሚለው ነው። «ግፊትዎ 160 ከሆነ ያን ኪኒን ትተው ይህን ይጀምሩ» ካሉ ግን መርምረዋል፣ አዝዘዋልም። ስለ ስኳር በሽታ በአማርኛ ለሁሉም የሚሆን ትምህርት በቴሌግራም መስጠት ይችላሉ፤ የአንዲትን እናት የላቦራቶሪ ውጤት አይተው መጠን መወሰን ግን ሌላ ነገር ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊን ማደልንማ እርግፍ አድርገው ይተዉት፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጥፋት ነው። በሥራ ቦታዎም የሚንከባከቧቸው አዛውንቶች ቤተሰቦች «አንቺ ሐኪም አይደለሽ?» ብለው ከተሰጠዎት ኃላፊነት ውጪ ቢጠይቁዎት፣ ጉዳዩን ለተቆጣጣሪዋ ነርስ ያስተላልፉ። የአንድ ሰው ጤና ቢበላሽ የሚሸፍንዎት የሙያ ኢንሹራንስ የለም። በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው ደግሞ የወንጀል ክስ ቢመጣበት ዳፋው እስከ ዜግነት ማመልከቻው ሊከተለው ይችላል።

ወደ ፈቃዱ ልለፍ። መነሻው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የሚባለው የውጭ አገር ሐኪሞች ማረጋገጫ ነው። ለእሱ ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. ከተባለው የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ስቴፕ 1ን እና የስቴፕ 2ን የሕክምና ዕውቀት ፈተና ያልፋሉ፤ ኦ.ኢ.ቲ. የተባለውን የሐኪሞች የእንግሊዝኛ ፈተናም ይወስዳሉ። ለአንድ ፈተና የሚፈቀደው ሙከራ አራት ጊዜ ብቻ ስለሆነ «ለመሞከር ያህል» ብሎ መቀመጥ ዕድል ማባከን ነው። የተግባር ችሎታን ለማሳየት ካሉት አማራጮች አንዱ ቀደም ሲል በሌላ አገር በፈቃድ መሥራትን መሠረት ያደርጋል። የኢትዮጵያ ፈቃድዎ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለው ጊዜው እንዲያልፍ አይተዉት።

ከፈተናው ይልቅ ሰው ሲያሰናክል ያየሁት ግን ወረቀቱ ነው። ዲፕሎማዎ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ «ጸሐይ» አንዱ ጋ በአንድ መልክ ሌላው ጋ በሌላ መልክ ቢጻፍ፣ ፋይሉ ይቆማል። አሜሪካኖቹ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል፤ እኛ ደግሞ አንዱ ቅጽ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም እንፈርማለን። የምረቃ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 2008 ተብሎ ሳይለወጥ ከቀረ፣ ላዩት ሰዎች እርስዎ ገና ልጅ ሳሉ የተመረቁ ይመስላቸዋል። ሰነዱን የሚያረጋግጠው ራሱ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ እንጂ እርስዎ የሚልኩት ቅጂ አይደለም። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎትም ዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ ማስረጃውን ላይሰጥ ስለሚችል አስቀድመው ይጨርሱት።

ማረጋገጫው ቢገኝም ፈቃድ አይደለም። ቀጥሎ ሬዚደንሲ የሚባለው ሐኪሞች በሆስፒታል በክትትል የሚሠለጥኑበት ጊዜ አለ፤ ስድስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሐኪም ከአዲስ ተመራቂ ጋር ተወዳድሮ ቦታ ይጠብቃል፤ ውጤቱም በየመጋቢት ይታወቃል። እውነቱን ለመናገር ይህ ለልምድ ያለው ክብር ትንሽ ነው፣ እኔም ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። አንዳንድ ግዛቶችም ይህን ማየት ጀምረዋል። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2023 በውጭ የሠለጠነ ሐኪም ሬዚደንሲውን ሳይደግም ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያገኝበትን ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያም በ2024 የራሷን አወጣች። ይሁን እንጂ እነዚህ ሕጎች ፈተናውን አያስቀሩም፣ የሚቀጥር ተቋምም ቀድሞ መገኘት አለበት። «ያለ ፈተና ፈቃድ እናስወጣለን» እያለ በፌስቡክ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ውሸቱን ነው።

አንድ ነገር ግን ቀልሎልዎታል። በዲቪ ስለመጡ በጄ-1 ቪዛ ለሬዚደንሲ የሚመጡ ጓደኞችዎ የሚገጥማቸው የሁለት ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታ እርስዎን አይነካም። እነሱ ከአገራቸው ጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለባቸው፤ ከግዴታው ነጻ ለመሆንም ብዙዎቹ ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ለመሥራት ይዋዋላሉ፤ ለዚህም እያንዳንዱ ግዛት በዓመት ያለው ቦታ 30 ብቻ ነው።

እስከዚያው ቤተ ክርስቲያንዎ የጤና ቀን ካዘጋጀ፣ በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ሐኪም ኃላፊነቱን ይውሰድና እርስዎ በመመዝገብና በማስተርጎም ያግዙ። የቴሌግራሙን መልእክቶች ደግሞ አይሰርዟቸው፤ ቦርዱ ወይም ሌላ አካል ጥያቄ ያነሳ እንደሆነ ምንም ሳይመልሱ በፊት በሜሪላንድ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ያሳዩአቸው።